«ጉልላት» ወይስ «የዐምድ ራስ»? ስለ ቆሮንቶሳዊው ዐምድ የአማርኛ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን የሕንፃ ጥበብ የሚያስረዳ ጽሑፍ ወደ አማርኛ በተመለሰ ቍጥር ተርጓሚው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቤተ መቅደሱን፣ ግንቡን፣ ደረጃውንና ጣራውን ለመሰየም ቋንቋው አያስቸግረውም። ዐምዱ ከመሬት ተነሥቶ ሸክሙን እስከሚቀበልበት ድረስ ያሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ በየስማቸው መጥራት ሲያስፈልግ ግን ወይ የባዕዱን ቃል እንዳለ ይገለብጣል፤ ወይ አጠገቡ ያገኘውን ቃል አንሥቶ ያለ ምርመራ ይለጥፍበታል። ሁለቱም መንገዶች ለጊዜው ያሻግራሉ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲገቡ ግን ጉዳታቸው ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይተላለፋል።

በቅርቡ ለባለሙያዎች አስተያየት ከታደሉት የቃላት ረቂቆች አንዱ የሥነ ሕንፃን ስያሜዎች የሚመለከት ነው። ረቂቁ ብዙ ድካም የፈሰሰበት ሥራ መሆኑን ያነበበው ሁሉ ይመሰክራል፤ ስለ መሠረት፣ ስለ ግንብና ስለ ደጃፍ የሰጣቸው ስያሜዎች በአብዛኛው የሚያስመሰግኑ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እጅግ ያጌጡትን ሁለት የዐምድ ዐይነቶች፣ ማለትም ቆሮንቶሳዊውንና ሮማውያን ከርሱ ያወጡትን ተከታዩን ዐይነት የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር የተቈጠሩ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ወደ ነቀፌታው ከመግባታችን በፊት ይህ ጸሐፊ የራሱን ጥፋት መናዘዝ ይገባዋል። ከብዙ ዓመታት በፊት ለትምህርት ቤት የሚሆን አጭር የሥነ ጥበብ ታሪክ ሲተረጕም የዐምዱን የላይኛውን ክፍል «ጉልላት» ብሎት ነበር። አንድ ተማሪ ትርጕሙን ብቻ እያነበበ የግሪክ ቤተ መቅደስ እንዲሥል በታዘዘ ጊዜ ስድስት ዐምዶች በረድፍ አቆመ፤ በያንዳንዱም ጫፍ ላይ የሣር ቤት ጉልላት የመሰለ ሹል ነገር ደፋበት፤ ጣራውን ግን የሚያሳርፍበት ቦታ ስላጣ ከዐምዶቹ በስተኋላ ለብቻው ሣለው። ተማሪው ያነበበውን በትክክል ሥሎአል። የተሳሳተው ተርጓሚው ነበር። ዛሬ ይኸው ቃል በረቂቁ ውስጥ ጸድቆ ለመውጣት ተዘጋጅቶ ስናየው ዝም ማለት አልቻልንም።

፩. ነገሩ ምንድን ነው?

ስያሜ ከመስጠት በፊት የሚሰየመውን ነገር ጠንቅቆ ማየት ተገቢ ነው። ቆሮንቶሳዊው ዐምድ ከሦስቱ የግሪክ የዐምድ ዐይነቶች በልደት የመጨረሻው፣ በጌጥ ግን የመጀመሪያው ነው። የዶሪካዊው ዐምድ ራስ ክብ ትራስ በመሰለ ድንጋይና በላዩ በተቀመጠ አራት ማዕዘን ጠፍጣፋ ድንጋይ ይፈጸማል፤ ሌላ ጌጥ የለውም። የኢዮንያዊው ራስ በግራና በቀኝ እንደ ብራና በተጠቀለሉ ሁለት ጌጦች ይታወቃል። ቆሮንቶሳዊው ግን ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ ያለ፣ ቅርጫት የሚመስል አካል አለው። በዚህም አካል ዙሪያ ቅጠሎች በሁለት ረድፍ፣ በየረድፉም ስምንት ስምንት ሆነው ይቆማሉ። ከቅጠሎቹ መካከል የሚወጡት አገዳዎች ወደ ላይ ተስበው ከፊሎቹ ወደ አራቱ ማዕዘኖች፣ ከፊሎቹ ወደ መካከል ይጠቀለላሉ። ከሁሉ በላይ ጎኖቹ ወደ ውስጥ የሰረጐዱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደፋበታል፤ በያንዳንዱም ጎን መካከል አንድ አበባ ይቀረጽበታል።

እስካሁን ከታወቁት ሁሉ የሚቀድመው ቆሮንቶሳዊ ራስ በአርካድያ ምድር፣ ባሳይ በተባለው ስፍራ በአጶሎን ቤተ መቅደስ ውስጥ የነበረው ነው፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት የ5ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ነው። በዚያ ቤተ መቅደስ በውጭ ያሉት ዐምዶች ዶሪካውያን፣ በውስጥ ያሉት ኢዮንያውያን ሲሆኑ ቆሮንቶሳዊው በውስጥ ለብቻው የቆመ አንድ ዐምድ ነበረ። ይህ ዐይነት ከቤት ውስጥ ወጥቶ በሕንፃ ውጫዊ ገጽ ላይ ሲታይ የምናገኘው በአቴና በሊሲክራጦስ የመታሰቢያ ሐውልት ላይ ነው፤ ይህም በ334 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገኘን የመዘምራን ውድድር ድል የሚያስታውስ ነው። የአቴናው የኦሊምፖሱ ዜውስ ቤተ መቅደስ በ6ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ተጀምሮ ከተቋረጠ በኋላ በንጉሥ አንጥዮኮስ አራተኛ ዘመን ኮሱትዮስ በተባለ ሮማዊ የሕንፃ ሊቅ መሪነት በቆሮንቶሳዊ ዐምድ ሥራው ቀጠለ፤ የተፈጸመው ግን በ2ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በቄሣር ሐድርያኖስ ነው። 17 ሜትር ያህል ከሚረዝሙት 104 ዐምዶቹ ዛሬ ቆመው የሚታዩት 15 ናቸው፤ በ1852 በነፋስ የወደቀው አንዱ አሁንም እዚያው ተጋድሞ ይገኛል።

ለግሪኮች አልፎ አልፎ የሚታይ ጌጥ የነበረው ይህ ዐምድ በሮማውያን እጅ የታላላቅ ሕንፃዎች ሁሉ ምልክት ሆነ። በረቂቁ መግቢያ ላይ «ቆሮንቶሳዊ ዐምድ የግሪኮች ዋና ዐምድ ነው» መባሉ ስለዚህ መታረም ይገባዋል። የፈጠሩት ግሪኮች ናቸው፤ በየአገሩ የተከሉት ግን ሮማውያን ናቸው።

፪. ስለ «ጉልላት»

ረቂቁ የዐምዱን የላይኛውን ክፍል «ጉልላት» ብሎታል። ለዚህ ምርጫ ጠንካራ ምስክር አለው፤ ይኸውም የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 7 ሰሎሞን በቤተ መቅደሱ ወለል ያቆማቸው ሁለት የናስ አዕማድ በተነገሩበት ስፍራ በራሳቸው ላይ የተቀመጡት ሥራዎች «ጉልላት» ተብለዋል። ቃሉ በዚህ መንገድ ክብርና ዕድሜ ያለው ስለሆነ ረቂቁን ያዘጋጁት ሰዎች እርሱን ማንሣታቸው አያስነቅፋቸውም። የሚያስነቅፈው ቃሉ በዚያ ስፍራ ለምን እንደ ተስማማ ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወራቸው ነው።

ጉልላት በአማርኛ የመጨረሻ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ መስቀሉን ይዞ የሚታየው ጉልላት፣ በሣር ቤት ጫፍ ላይ የሚደፋው ጉልላት ሁለቱም በላያቸው ሌላ ሸክም የለባቸውም። የሕንፃው ሥራ በነርሱ ይፈጸማል። የሰሎሞንን ሁለት አዕማድ በተመለከተ ብዙ ሊቃውንት ጣራ የማይሸከሙ፣ ለብቻቸው የቆሙ ነበሩ ይላሉ፤ እንዲህ ከሆነ በጫፋቸው ያለውን ጌጥ ጉልላት ማለት ከቋንቋው ጠባይ ጋር ይስማማል። የቆሮንቶሳዊው ዐምድ ራስ ግን ተሸካሚ ነው። ከላይ የሚመጣውን የአግዳሚውን ድንጋይና የጣራውን ክብደት ተቀብሎ ወደ ዐምዱ ግንድ ያወርዳል፤ ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠበውም ለዚሁ ነው። ጉልላት የሚያበቃ ነገር ሲሆን የዐምድ ራስ የሚያገናኝ ነገር ነው። በአንድ ቃል መጥራታቸው የሥራቸውን ተቃራኒነት ይሰውራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዘመናዊው አጠቃቀም የሚመጣ ነው። ጉልላት ዛሬ ክብ ሆኖ የተደፋውን ጣራ ጭምር ይሰይማል፤ ረቂቁም ራሱ በሌላ ገጽ ላይ ይህንኑ ትርጕም መዝግቦታል። እንግዲህ ተርጓሚው በሮም ያለውን ፓንቴዎንን ይግለጽ እንበል። በሐድርያኖስ ዘመን የተሠራው ይህ ሕንፃ በደጀ ሰላሙ ላይ 16 ቆሮንቶሳውያን ዐምዶች አሉት፤ ከደጀ ሰላሙ በስተኋላም የውስጥ ስፋቱ 43 ሜትር ከሚያልፍ ክብ ጣራ በታች ያለው አዳራሽ ይገኛል። በረቂቁ ቃል ብንሄድ ሕንፃው 16 ጉልላትና አንድ ጉልላት አለው ማለት ነው። አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ሕንፃውን በዐይነ ልቡናው ሊያየው እንደማይችል ግልጽ ነው።

አንዳንዶች በግእዝ አገባብ «ርእሰ ዐምድ» እንበለው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ከምንጩ ጋር ይገጥማል፤ ግሪኮች ኪዮኖክራኖን ሲሉ፣ ሮማውያን ካፒቱሉም ሲሉ የሚናገሩት ስለ ራስ ነውና። ነገር ግን ዐምድ በጋዜጣ ገጽ ላይ ያለውን የጽሑፍ ክፍል፣ ርእስም የጽሑፍን አርእስት መሰየም ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኖአል፤ «ርእሰ አንቀጽ»ን የለመደ አንባቢ «ርእሰ ዐምድ»ን ሲያይ የሚያስበው ጋዜጣን ነው። «ራሰ ዐምድ» ማለትም አያዋጣም። አማርኛ «ራሰ በራ» ሲል ራሱ በራ የሆነውን ሰው ማለቱ ነው፤ በዚህ አካሄድ «ራሰ ዐምድ» ራሱ ዐምድ የሆነ ነገር ተብሎ ይተረጐማል። ስለዚህ ቀላሉን «የዐምድ ራስ» እንመርጣለን። ቃሉ ምንም አያስደንቅም፤ ተማሪም፣ ግንበኛም፣ ሊቅም ያለ ማስረጃ ይረዱታል። ዐውዱ ግልጽ በሆነበት ሁሉ «ራስ» ብቻ ማለት ይበቃል። ከግሪኩም ከላቲኑም ምሳሌ ያልራቀ መሆኑ ተጨማሪ ድጋፍ ነው።

፫. ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ቅርጫቱና ስለ ገበታው

ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪዎስ በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ስለ ሕንፃ ጥበብ ዐሥር መጻሕፍት ጽፎአል። በአራተኛው መጽሐፉ የቆሮንቶሳዊውን ራስ አመጣጥ እንደሚከተለው ይተርከዋል። በቆሮንቶስ አንዲት ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ ታምማ ሞተች። ሞግዚቷ ልጅቱ በሕይወት ሳለች ትወዳቸው የነበሩትን ዕቃዎች በቅርጫት ሰብስባ በመቃብሯ ላይ አኖረች፤ እንዲቈዩላትም ቅርጫቱን በጣራ ሸክላ ከደነችው። ቅርጫቱ የተቀመጠው በአጋጣሚ በአንድ አካንቶስ ሥር ላይ ነበርና ጸደይ በሆነ ጊዜ ተክሉ በቅርጫቱ ዙሪያ አቈጠቈጠ፤ ወደ ላይ ያደጉት አገዳዎችም የሸክላው ማዕዘን ስለገፋቸው ወደ ውጭ ተጠቀለሉ። ቅርጻ ሠሪው ካሊማኮስ በዚያ ሲያልፍ አይቶ በመልኩ ተማርኮ ለቆሮንቶስ ሰዎች በዚህ አምሳል ዐምዶችን ሠራላቸው ይላል።

ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን ለሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። ለቃል አውጪ ግን እጅግ ይጠቅመዋል፤ የጌጡን ክፍሎች ሁሉ ከቤት ዕቃና ከአትክልት ስም ጋር ያስተሳስራቸዋልና። ረቂቁ ይህን ዕድል አልተጠቀመበትም። መካከለኛውን አካል «ደወል»፣ ቅጠሉን «አካንተስ»፣ የላይኛውን ድንጋይ «አባከስ» ብሎ አልፎታል።

ከቅጠሉ እንጀምር። አካንቶስ የሚለው የግሪክ ስም እሾህ ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና ያለው ነው። ይህ ተክል ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። የዚሁ ወገን የሆነ፣ ቅጠሉ እሾኻም አበባው ቀይ ተክል በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር ይበቅላል፤ ስሙም ኮሸሽላ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት አካንቱስ ሰኒ ብለው የመዘገቡት ይኸው ነው። ገበሬው በእሾሁ የተነሣ የሚጠላው ይህ ተክል በግሪክና በሮም የቤተ መንግሥትና የቤተ መቅደስ ጌጥ የሆነው ተክል የሥጋ ዘመድ መሆኑን ረቂቁ አላስተዋለም። «አካንተስ» ቢባል አንባቢው ከድምፅ በቀር የሚይዘው ነገር የለም። «የኮሸሽላ ቅጠል» ቢባል ግን የተሰነጣጠቀው ጠርዝ፣ ከመካከል የሚወጣው ጅማትና ወደ ውጭ የሚጎብጠው ጫፍ በአንድ ጊዜ ይታየዋል።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው፣ ኮሸሽላ የሜዲትራንያን አካንቶስ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ወገኑ አንድ ቢሆንም ዝርያው ይለያል። ነገር ግን ድንጋይ ጠራቢው የቀረጸው የዕፀዋት መጽሐፍ ሥዕልን አልነበረም፤ ቅጠሉን እንደ ድንጋዩና እንደ ዘመኑ ልማድ ለዋውጦታል። በዚሁ ምክንያት አንዱ ራስ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የቅጠሉ ጠርዝ አንዴ ሹል አንዴ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ለጌጡ ስም የወገኑ ስም ይበቃዋል። ሁለተኛው፣ በአንዳንድ አገር ኮሸሽላ የሚለው ስም ለሌሎች እሾኻም ተክሎችም ይሰጣል የሚል ነው። ይህም እውነት ስለሆነ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ቃሉን በሁለት ቍጥር ለይቶ ማስፈር ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያው ተክሉን፣ በሁለተኛው በድንጋይ የተቀረጸውን ጌጥ። የዕፀዋት ሳይንስ ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው ግን «አካንቶስ» የሚለውን የወገን ስም ቢጠቀም አንከለክለውም። የቃላችን ሥልጣን በጌጡ ላይ ብቻ ነው።

መካከለኛውን አካል ግሪኮች ካላቶስ ይሉታል፤ ትርጕሙ ቅርጫት ነው። ረቂቁ «ደወል» ያለው ምንጩ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው፤ በእንግሊዝኛ ይህ ክፍል በደወል ስምም ይጠራልና። ደወል ግን ተገልብጦ ካልታሰበ በቀር ከታች ሰፊ ከላይ ጠባብ ነው፤ የዐምዱ ራስ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከረቂቁ አንባቢዎች አንዱ «መሶብ» ቢባል ምን ይመስላችኋል ሲሉ ጠይቀዋል። መሶብ ለእንጀራ የተለየ፣ እግርና ክዳን ያለው ዕቃ ስለሆነ ሌላ ሥዕል ያመጣል። «ቅርጫት» ይበቃል፤ ከቪትሩቪዎስም ተረክ ጋር ይገጥማል።

«አባከስ» የተባለው የላይኛው ጠፍጣፋ ድንጋይ በግሪክ አባክስ ከሚለው፣ ሠሌዳ ወይም ገበታ ማለት ከሆነው ቃል የወጣ ነው። አማርኛ ለጠፍጣፋ የእንጨት ዕቃ «ገበታ» የሚል ጥሩ ቃል ስላለው «የራስ ገበታ» ማለት ይቻላል። ይህን ቃል ብንቀበል ለሦስቱም ዐይነቶች ይሠራል። በዶሪካዊው ገበታው ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው፤ በቆሮንቶሳዊው ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይሰረጕዳሉ።

ወደ ጥቅልሎቹ ስንመጣ ረቂቁ የኢዮንያዊውን «የበግ ቀንድ»፣ የቆሮንቶሳዊውን ደግሞ «ሐረግ» ብሎ ለያይቶአቸዋል። የበግ ቀንድ መልኩን ያሳያል፤ ነገር ግን ከአንድ ተመልካች ዐይን የመጣ ምሳሌ ነው። ቪትሩቪዎስ ይህንኑ ጌጥ በሴት ራስ ግራና ቀኝ ከሚወርድ የተጠቀለለ ጠጕር ጋር አመሳስሎታል። ስያሜው ምሳሌን ሳይሆን ቅርጽን ቢይዝ ተርጓሚው እያንዳንዱን ደራሲ በየራሱ ምሳሌ ለማስተርጐም ነጻነት ያገኛል። የላቲኑም ስም ከመጠቅለል የወጣ ስለሆነ «ጥቅልል» እንላለን፤ በማዕዘን ያለውን «የማዕዘን ጥቅልል»፣ በመካከል ያለውን «የውስጥ ጥቅልል»። «ሐረግ» ግን ለሌላ ነገር ልናኖረው የሚገባ ክቡር ቃል ነው። በብራና መጻሕፍታችን ገጽ ራስ ላይ የሚሳለውን የተጠላለፈ ጌጥ ሐረግ እንለዋለን፤ ሮማውያንም በግንብ ላይ እየተጥመለመለ የሚሄድ የቅጠል ጌጥ ቀርጸዋል፤ በ9 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በሮም በተመረቀው የአውግስጦስ የሰላም መሠዊያ የታችኛው ገጽ ላይ ያለው ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሐረግ የሚስማማው ለእንዲህ ያለው ረዥም ጌጥ ነው።

፬. ስለ ፈሩ

በረቂቁ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ በቀላሉ የሚታረም፣ ነገር ግን በይበልጥ የሚያስተምር አንድ አለ። በዐምዱ ግንድ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱትን ጎድጓዳ መስመሮች እንግሊዝኛ ፍሉት ከሚለው ቃል ጋር ያስተሳስራቸዋል፤ ይኸው ቃል የሙዚቃ መሣሪያም ስም ስለሆነ ረቂቁ «ዋሽንታማ ዐምድ» ብሎ ተርጕሞታል። ይህ በቃል ላይ ተመሥርቶ ነገሩን ሳያዩ የመተርጐም ውጤት ነው። ገበሬው በማረሻ የሚያወጣውን መስመር «ፈር» ይለዋል፤ ቃሉ አጭር፣ የታወቀና ከነገሩ ቅርጽ ጋር የሚስማማ ስለሆነ «ፈር»፣ «ባለ ፈር ዐምድ» እንላለን። በዚህ ቃል ልዩነቶቹን በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል። በዶሪካዊው ዐምድ እንደ ልማድ 20 ፈሮች ሲኖሩ በመካከላቸው ያለው ጠርዝ ስለታም ነው፤ በኢዮንያዊውና በቆሮንቶሳዊው ፈሮቹ 24 ሲሆኑ በመካከላቸው ጠባብ ልሙጥ መስመር ይቀራል።

ረቂቁ ከዚህም ዐልፎ ፈርን የቆሮንቶሳዊ ዐምድ መለያ አድርጎ በትርጓሜው ውስጥ አስገብቶታል። ይህ መውጣት አለበት። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው የፓንቴዎን ደጀ ሰላም ዐምዶች ከግብፅ የመጡ፣ ግንዳቸው አንድ ወጥ የጥቍር ድንጋይ፣ ልሙጥና ፈር የለሽ ናቸው፤ ይሁንና ቆሮንቶሳውያን መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። መለያው ራሱ ነው።

፭. ስለ ሦስቱ ስሞችና ስለ አራተኛው

«ዶሪክ»፣ «አዮኒክ»፣ «ኮሪንቲያን» የሚሉት የረቂቁ ስሞች የእንግሊዝኛን አነጋገር የተከተሉ ናቸው። «ኮሪንቲያን» የሚለው በተለይ ያሳዝናል። አማርኛ አንባቢ ቆሮንቶስን ከጳውሎስ መልእክታት ያውቃታል፤ ቃሉ በባዕድ ድምፅና በባዕድ ቅጥያ ሲመጣበት ግን የሚያውቃትን ከተማ አይለያትም። «ቆሮንቶሳዊ» ማለት ሲቻል ሌላ መፈለግ ለምን አስፈለገ? ይሁን እንጂ ትርጓሜው ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ስሙ በቆሮንቶስ የተሠራ ማለት አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ቀዳሚው ናሙና የተገኘው በአርካድያ ነው፤ በራሷ በቆሮንቶስ ዛሬ ሰባት ዐምዶቹ ቆመው የሚታዩት ጥንታዊው የአጶሎን ቤተ መቅደስም ዶሪካዊ ነው።

ኢዮንያዊውን በተመለከተ «ዮናናዊ» ይባል የሚል ሐሳብ ሰምተናል። ይህ የሥርወ ቃል ሊቅ የሚደሰትበት፣ አንባቢን ግን የሚያሳስት ሐሳብ ነው። የምሥራቅ ሕዝቦች ግሪኮችን ሁሉ በኢዮንያ ሰዎች ስም ስለ ጠሩ በግእዝም ዮናናዊ ማለት ግሪካዊ ማለት ሆኖአል። ዐምዱን «ዮናናዊ» ካልነው ሦስቱም ዮናናውያን ስለሆኑ መለያው ይጠፋል። «ኢዮንያዊ» በቂ ነው።

ሮማውያን የቆሮንቶሳዊውን የቅጠል ረድፎች ከኢዮንያዊው ትላልቅ ጥቅልሎች ጋር አዋሕደው የሠሩት አራተኛ ዐይነት ራስ አለ፤ ከ81 ዓመት በኋላ በሮም በቆመው የቲቶ የድል በር ላይ ይታያል። ረቂቁ «ድብልቅ» ብሎታል። በኬሚስትሪ ትምህርት ድብልቅና ውሑድ ተለይተው ይታወቃሉ፤ በድብልቅ ውስጥ ክፍሎቹ እንደየራሳቸው ይቈያሉ፤ በውሑድ ውስጥ አዲስ ነገር ይወለዳል። ይህ ራስ የራሱ መልክና መጠን ያለው ስለሆነ «ውሑድ» ይስማማዋል። የአጻጻፉ ነገር ግን ቀላል አይደለም። ቃሉ ከዋሐደ የወጣ ስለሆነ በሐመሩ «ሐ» መጻፍ አለበት፤ በብዙኃኑ «ኀ» ቢጻፍ በግእዝ ጥቂት፣ አነስተኛ ማለት ወደ ሆነው ቃል ይሄዳል። ሁለቱን ሆሄያት ማደባለቅ በዕለታዊ ጽሑፍ ቢታለፍም በስያሜ መዝገብ ሊታለፍ አይገባም።

፮. «ዐይነት» ወይስ «ሥርዐት»?

በመጨረሻ የዐምዶቹን ክፍፍል ራሱን ምን እንበለው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ረቂቁ በአንድ ስፍራ «ትእዛዝ»፣ በሌላ ስፍራ «ሥርዐት» ይላል። «ትእዛዝ» ከእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ትርጕም የተወለደ ስሕተት ስለሆነ ያለ ክርክር ይሰረዝ። «ሥርዐት» ግን ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ሠርዐ ማለት ደርድሮ ማዘጋጀት ስለሆነ ከመቆሚያው እስከ ላይኛው ክፈፍ ያለውን የተመጣጠነ ድርድር ሁሉ ያቅፋል።

ሆኖም ተርጓሚው የዘመኑን ልዩነት ሊጠብቅ ይገባል። ቪትሩቪዎስ የሚናገረው ስለ ዐይነቶች ነው። ለርሱ ቆሮንቶሳዊው ከኢዮንያዊው የሚለየው በራሱ ብቻ ነው፤ የራሱ ቁመት ከዐምዱ የታችኛው ውፍረት ጋር እኩል ይሆናል፤ በላዩ የሚያርፈው ሥራ ግን ከሌሎቹ ዐይነቶች የተዋሰው ነው ይላል። ስለ ውሑዱም አንዳች አላነሣም። አምስቱን፣ ማለት ቶስካናዊውን፣ ዶሪካዊውን፣ ኢዮንያዊውን፣ ቆሮንቶሳዊውንና ውሑዱን በአንድ ላይ ደርድረው የታወቀ ሥርዐት ያደረጓቸው የኢጣልያ ሊቃውንት ናቸው፤ ሰርልዮ በ1537፣ ቪኞላ በ1562 ባሳተሟቸው መጻሕፍት። ስለዚህ የቪትሩቪዎስን ጽሑፍ የሚተረጕም «ዐይነት»፣ የሰርልዮንና የቪኞላን የሚተረጕም «ሥርዐት» ይበል። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ቃል መተርጐም ከ1500 ዓመት በኋላ የተነገረውን በጥንቱ ሰው አፍ ማስገባት ይሆናል።

፯. መደምደሚያ

እንግዲህ ለረቂቁ አዘጋጆች የምናቀርባቸው ማሻሻያዎች እነዚህ ናቸው። «ጉልላት» ለክብ ጣራና ለጣራ ጫፍ ይቅር፤ የዐምዱ «የዐምድ ራስ» ይባል። «አካንተስ» በጌጥ ስምነቱ «የኮሸሽላ ቅጠል»፣ «ደወል» «ቅርጫት»፣ «አባከስ» «የራስ ገበታ»፣ «የበግ ቀንድ» «ጥቅልል»፣ «ዋሽንታማ» «ባለ ፈር»፣ «ኮሪንቲያን» «ቆሮንቶሳዊ»፣ «ድብልቅ» «ውሑድ» ይሁን። «ሐረግ» ለረዥሙ የቅጠል ጌጥ ይጠበቅ።

ከነዚህ ስያሜዎች አንዱ እንኳ አዲስ የተፈጠረ አለመሆኑን አንባቢ ያስተውላል። ከፊሉ ከገበሬ፣ ከፊሉ ከጓዳ፣ ከፊሉ ከብራና፣ ከፊሉም ከኬሚስትሪ መማሪያ የተገኘ ነው። ቃል አውጪ ባዕዱን ቃል ከመዋሱ በፊት በቤቱ ያለውን ሊፈትሽ፣ በቤቱ ያገኘውንም ከመለጠፉ በፊት ከነገሩ ሥራ ጋር ሊያመዛዝን ይገባዋል። «ጉልላት» በቤታችን የተገኘ መልካም ቃል ነበር፤ የጐደለው ከላዩ ምን እንደሚያርፍበት የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ተማሪ ጣራውን ከዐምዶቹ ነጥሎ የሣለው ያን ጥያቄ የሚመልስለት ቃል ስላጣ ነበር። ረቂቁ ገና አልታተመምና የሚቀጥለው ተማሪ ቃሉን እንዲያገኝ ለማድረግ ጊዜው አላለፈም።